እግዚአብሔርን ከክፍል ማን አስወጣው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ ለኔም ደረሰኝ። አሜሪካ እግዚአብሔርን ከትምህርት ቤት አባርራ ዝንጀሮን አስገባች የሚል ነው። ረጅም ነው፣ በስሜት የተጻፈ ነው፣ የጸሐፊው አማርኛም ያምራል፣ እሱን አልክድም። ሲጨመቅ ሀሳቡ ይሄ ነው፦ ኢቮሉሽን (ዝግመተ ለውጥ) ቴዎሪ ብቻ ስለሆነ በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ለፍጥረት ትምህርት እኩል ሰዓት ይሰጠው፣ ፍርድ ቤቶቹ የከለከሉት አምላክ የለሾች ስለተጫኗቸው ነው፣ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባለው (ሕይወትን አንድ አዋቂ ነድፎ ሠራት የሚለው) ደሞ ሃይማኖት ሳይሆን ሳይንስ ነው፣ ፎሲሉ የለም፣ ያለውም የተጭበረበረ ነው፣ ሂትለርም የመጣው ከዚሁ ነው፣ ዳርዊን ራሱ ሊሞት ሲል ተጸጽቷል፣ በዛ ላይ አብዛኛው ታክስ ከፋይ አማኝ ስለሆነ የሚፈልገውን የማስተማር መብት አለው።

ቀድሜ አንድ ነገር ልበል፣ እኔም አማኝ ነኝ። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ አለ ብዬ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ "ይሄ ደሞ ከየት የመጣ ከሀዲ ነው" ለማለት የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ድካማችሁን ልቀንስላችሁ። ጠቤ ከፍጥረት ጋር ሳይሆን የፍጥረትን ትምህርት ለመንግሥት ደሞዝተኛ አስረክቡ ከሚለው ሀሳብ ጋር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀላሉ እንጀምር። "ኢቮሉሽን ቴዎሪ ብቻ እንደሆነ ለተማሪዎች ይነገራቸው" ይላሉ ጸሐፊው። ይሄ እኮ ተሞክሯል። ጆርጂያ ውስጥ ኮብ ካውንቲ የሚባል ቦታ የትምህርት ቦርዱ በ2002 የባዮሎጂ መጻሕፍት ላይ ስቲከር አስለጠፈ፣ ኢቮሉሽን ቴዎሪ እንጂ ፋክት አይደለም፣ በክፍት አእምሮና በጥንቃቄ ይጠና የሚል። ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም ክፋት የለውም። ግን ክፍት አእምሮ ጥሩ ነገር ከሆነ ኬሚስትሪው መጽሐፍ ላይ ለምን አልተለጠፈም? አተምም ቴዎሪ አለው፣ በሽታ ከጀርም ይመጣል የሚለውም ቴዎሪ ነው፣ ለነሱ ስቲከር ያሳተመ የለም። ከሳይንሱ ሁሉ አንዷን ብቻ ነጥለህ "እቺን ጠርጥሩ" ስትል ሰው ምን እንደፈለግክ ይገባዋል፣ ወላጆችም ገብቷቸው ከሰሱ፣ በ2005 መጀመሪያ የፌደራሉ ዳኛ ይነሳ አለ፣ ይግባኝ ሰሚው ማስረጃው እንደገና ይታይ ብሎ ቢመልሰውም በ2006 መጨረሻ ቦርዱ ሁለተኛ አንለጥፍም ብሎ ተስማማና ጉዳዩ ተዘጋ።

"ማንም በዓይኑ አላየውም" ለሚለው ደሞ፣ ኋላ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሪቻርድ ሌንስኪ የሚባል ሰው በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢ ኮላይ ባክቴሪያን በ12 ብልቃጥ ማራባት ጀመረ። በየ500 ትውልዱ ናሙና እየተወሰደ ፍሪዘር ይገባል፣ ማለትም አያት ቅድመ አያቶቹ በሙሉ በሕይወት ተቀምጠዋል። ከ31,000 ትውልድ በኋላ ከ12ቱ በአንዱ ብልቃጥ ውስጥ ያሉት ኦክስጅን እያለ ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር መብላት ጀመሩ። ኢ ኮላይ ይሄን አለመቻሉ ከሌሎች ባክቴሪያዎች የሚለይበት አንዱ መታወቂያው ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ ፍሪዘሩ ተመልሰው የድሮዎቹን አስነስተው እንደገና ሲያራቧቸው ችሎታው የመጣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀድሞ በተጠራቀሙ ለውጦች ላይ እንደሆነ አዩ። "ያው ባክቴሪያ ነው፣ ዓሣ አልሆነም" ትሉ ይሆናል። አዎ አልሆነም፣ በጥቂት አስር ዓመታት ውስጥ ዓሣ ይሆናል ያለ ሳይንቲስትም የለም።

ዋናው ግን ይሄኛው ነው፣ ጸሐፊውም አራት አምስት ቦታ የተመላለሱበት፦ "ሁለቱንም እናስተምር፣ ተማሪው ራሱ ይምረጥ፣ ፍትሕ ማለት ይሄ ነው።" ሲሰሙት ማን ይጠላዋል? እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደስ ይለኛል። ችግሩ የሚመጣው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ነው።

እስቲ እንግባ። አስተማሪዋ ተነስታ "ዛሬ ተራው የፍጥረት ነው" አለች እንበል። የማን ፍጥረት? ክፍሉ ውስጥ የባፕቲስት ልጅ አለ፣ የካቶሊክ አለ፣ የሙስሊም አለ፣ የሂንዱ አለ፣ የናቫሆ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) አለ፣ ምንም የማያምን ቤተሰብ ልጅም አለ፣ ሁሉም ቤት ዓለም እንዴት እንደመጣች የሚነገር ነገር አለ። "የመጽሐፍ ቅዱሱን ነዋ" ካላችሁኝ እሺ፣ በማን አተረጓጎም? እዛ አገር ዘመቻውን ከሚመሩት ብዙዎቹ ምድር 6,000 ዓመት ገደማ ናት የሚሉ ናቸው፣ ከዚህ ቁጥር ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ነው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቁጭ ብሎ አስልቶ ፍጥረት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው አለ። በኛ ባሕረ ሐሳብ ደሞ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ነው። ልዩነቱ ወደ 1,500 ዓመት ነው፣ ትንሽ ነገር አይደለም። እና ይሄን ጽሑፍ አድንቀው አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻቸው የላኩ ሰዎች ልጁ ፈተና ላይ 5,500 ብሎ ጽፎ ቀይ ኤክስ ቢደረግበት ለማን አቤት ሊሉ ነው? ዘፍጥረት ላይ ያሉት ቀኖች ረጅም ዘመናት ናቸው የሚሉ ክርስቲያኖችም ሞልተዋል፣ እነሱስ ልጆቻቸውን የት ያስገቡ?

በዛ ላይ አስተማሪዋ ራሷ ምንም የማታምን ብትሆንስ? "ሁለቱንም አስተምሪ" ተብላ በሕግ ስትገደድ ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድን እያላገጠች ብታነበው ማን ያስቆማታል? "ተማሪው ይምረጥ" ስንል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እምነቱን በምርጫ ጥያቄ ላይ "ሀ" ወይ "ለ" ብሎ ያክብብ ማለታችን ነው፣ ከዛ ደሞ ውጤቱ በማርክ ይመጣል። እኔ ልጄን ስለ እግዚአብሔር የሚያስተምርልኝን ሰው ራሴ ነው መምረጥ የምፈልገው፣ የስቴቱ ትምህርት ቢሮ እንዲመድብልኝ አልፈልግም። የግል ትምህርት ቤት አለ፣ ልጅን ቤት ማስተማር በ50ውም ስቴት የተፈቀደ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መስጊድ አለ፣ በነዚህ ሁሉ ውስጥ ፍጥረትን አታስተምሩ ያለ ፍርድ ቤት የለም።

ይሄ ፍርሃት ደሞ የኔ ፈጠራ አይደለም። ጸሐፊው "ክሱን የመሠረቱት አምላክ የለሾች ናቸው" ብለዋል። የአርካንሳሱን መዝገብ ቢያገላብጡት ጥሩ ነበር። አርካንሳስ በ1981 አክት 590 የሚል ሕግ አወጣች፣ ኢቮሉሽን በሚሰጥበት ሁሉ "ክሪኤሽን ሳይንስ" (የፍጥረት ሳይንስ) ሚዛናዊ ቦታ ያግኝ የሚል፣ ልክ ጸሐፊው የሚፈልጉት ዓይነት። የክሱ መዝገብ የሚጠራው ማክሊን በሚል ስም ነው፣ ማክሊን የሜቶዲስት ቄስ ነው። አብረውት የከሰሱት እነማን ናቸው? የሜቶዲስት፣ የኤጲስቆጶሳውያን፣ የካቶሊክና የአፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት፣ የፕሬስቢቴሪያንና የሳውዘርን ባፕቲስት አገልጋዮች፣ የአይሁድ ድርጅቶች፣ ከነሱ ጋር ወላጆችና አስተማሪዎች። ሃይማኖተኞቹ ናቸው "መንግሥት እምነታችንን ላቦራቶሪ ውስጥ ይዞ አይግባብን" ያሉት። ዳኛ ዊልያም ኦቨርተን በጥር 1982 ሕጉን ሻረው። የሉዊዚያናው ተመሳሳይ ሕግ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1987 ሰባት ለሁለት ወደቀ።

"ፍርድ ቤት እግዚአብሔርን አባረረ" የሚለው ደሞ ታሪኩን ከመሀሉ ከመጀመር የመጣ ነው። ማን ማንን ነው ቀድሞ የከለከለው? ቴነሲ በመጋቢት 1925 በትለር አክት የሚባለውን ሕግ አወጣች፣ ሰው ከዝቅተኛ እንስሳ መጣ ብሎ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር ወንጀል ነው የሚል። ጆን ስኮፕስ የሚባል የ24 ዓመት አስተማሪ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተከሶ 100 ዶላር ተቀጣ። ቅጣቱ በ1927 ቢነሳም ሕጉ ስህተት ነው ተብሎ አይደለም፣ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ከ50 ዶላር በላይ ቅጣት መወሰን የነበረበት ጁሪው ሆኖ ሳለ ዳኛው ስለወሰነው ነው። ሚሲሲፒ በ1926፣ አርካንሳስ በ1928 በሕዝብ ድምፅ ተከተሉ። በትለር አክት የተሰረዘው በ1967 ነው፣ ማለትም ለ42 ዓመት የተከለከለው ኢቮሉሽን ነበር! የአርካንሳሱ ክልከላ በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከሳሿ ሱዛን ኤፐርሰን የምትባል የሊትል ሮክ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች፣ የተሰጣት መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ምዕራፍ ብታስተምር በሕግ ትጠየቃለች፣ ብትዘለው ሥራዋን አልሠራችም። ዘጠኙም ዳኞች ሕጉን ጣሉት። "እኩል ሰዓት" የሚለው ጥያቄ በሕግ ደረጃ በደንብ የገፋው ከዛ ወዲህ ነው፣ ሙሉውን መከልከል ሲያቅት። ይሄን ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልነኩትም።

እዚሁ ላይ፣ ጸሐፊው የሚያነሱት ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ ስኮፕስን የከሰሰው ታላቅ ተናጋሪ፣ ምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ የስኮፕስ ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ሲያፋጥጠው የፍጥረት ቀኖች የግድ የ24 ሰዓት ቀኖች ናቸው ብሎ እንደማያምን ተናግሯል። ዛሬ በስሙ የሚምሉት ብዙዎቹ በዚህ ሊወቅሱት የሚገባ ሰው ነው።

እግዚአብሔር ከክፍል ወጣ የሚለውም ቢሆን እንዲህ ደረቅ ያለ አይደለም። በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት መሪነት የሚደረገውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሲከለክል በዛው ውሳኔ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ሥነ ጽሑፍና እንደ ታሪክ፣ ሃይማኖቶችንም በንጽጽር ማጥናት እንደሚቻል በግልጽ ጽፏል። ተማሪ ምሳው ላይ ይጸልያል፣ ከጓደኞቹ ጋር የመጽሐፍ ቅዱስ ክበብ ያቋቁማል። የዘፍጥረት ታሪክ በሶሻል ስተዲስ ክፍል "ሕዝቦች ስለ ዓለም አመጣጥ ምን ያምናሉ" ተብሎ ቢሰጥ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ እኔ በሁለት እጄ ነው የምደግፈው። የተከለከለው በሳይንስ ስም መስጠቱ ነው።

አሁን ወደ ዶቨሩ የፍርድ ቤት ጉዳይ። ጸሐፊው "ኢንተለጀንት ዲዛይን የእግዚአብሔርን ስም እንኳ አያነሳም፣ ንጹሕ ሳይንስ ነው፣ ዳኛው ግን ሳያየው ጣለው" ብለዋል። ሳያየው? ዳኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ 2005 ምስክር ሲሰማ ከርሞ 139 ገጽ ነው የጻፈው። ጆን ጆንስ ይባላል፣ የሾመው ደሞ ጆርጅ ቡሽ ልጁ ነው፣ ግራ ዘመም እንዳይሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የዶቨር ትምህርት ቦርድ በጥቅምት 2004 ስድስት ለሦስት ድምፅ ሰጥቶ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ኢቮሉሽን ከመማራቸው በፊት አንድ ማሳሰቢያ ይነበብላቸው አለ፣ በዳርዊን ቴዎሪ ውስጥ ክፍተት አለ፣ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባል ሌላ ማብራሪያ አለ፣ ማጣቀሻው መጽሐፍ እነሆ የሚል። የሳይንስ አስተማሪዎቹ አናነብም አሉ። አስተዳዳሪዎቹ ክፍል ለክፍል እየዞሩ አነበቡት። መጽሐፉስ 60 ኮፒ ከየት መጣ? "ስጦታ ነው" ተባለ። ችሎት ላይ ሲጣራ አንድ የቦርድ አባል በቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ፊት ቆሞ የሰበሰበው 850 ዶላር ሆኖ ተገኘ፣ ገንዘቡ ደሞ ምንጩ እንዳይታወቅ በሌላ የቦርድ አባል አባት በኩል አልፎ። አስቀድሞ በመሐላ ሲጠየቁ አናውቅም ብለው ነበር። ዳኛው ሃይማኖታችንን በአደባባይ እንመሰክራለን የሚሉ ሰዎች ዓላማቸውን ለመደበቅ በተደጋጋሚ መዋሸታቸው አሳዝኖት ውሳኔው ላይ አስፍሮታል። እንደ አማኝ እኔን ያሳፈረኝ ይሄ ነው፣ ስለ እውነት ብለህ ተነስተህ በመሐላ መዋሸት!

የመጽሐፉ ጉዳይ ግን ከዚህም ይብሳል። ከሳሾቹ አሳታሚውን አስገድደው የቆዩ ረቂቆቹን አስወጡ። ከ1987 በፊት በነበሩት ረቂቆች ላይ ቃሉ "ክሪኤሽን" (ፍጥረት) ነው፣ "ክሪኤሽኒስትስ" (የፍጥረት አማኞች) ነው። በ1987 የሉዊዚያናው ውሳኔ ወጣ፣ ከዛ በኋላ ባለው ረቂቅ ወደ 150 ቦታ ያህል ቃሉ ተነስቶ "ኢንተለጀንት ዲዛይን" ገባበት፣ ትርጓሜው ሳይነካ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያው ራሱ ሆኖ። አንድ ቦታ ላይ እንደውም "ክሪኤሽኒስትስ" የሚለውን አጥፍተው "ዲዛይን ፕሮፖነንትስ" (የዲዛይን ደጋፊዎች) ሊያስገቡ ሲሉ ግማሹ ቀርቶ "ሲዲዛይን ፕሮፖነንትሲስትስ" የሚባል ጉድ ተፈጠረ። ጭንቅላቱና ጅራቱ የድሮው፣ መሀሉ አዲሱ። (ፎሲል የለም ለሚሉ ሰዎች ይሄ ጥሩ የሽግግር ፎሲል ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና።) የመከላከያው ዋና ምስክር ማይክል ቢሂም ሳይንሳዊ ቴዎሪ ብሎ በሰጠው ሰፊ ትርጉም ኮከብ ቆጠራም እንደሚካተት መስቀለኛ ጥያቄ ላይ አምኗል። እንግዲህ በሩ ለሁለቱ እኩል ይከፈት ካልን ኮከብ ቆጣሪውም ተሰልፏል።

ፎሲል ካነሳን አይቀር። "አንድም መካከለኛ ፎሲል አልተገኘም" ለሚለው፣ ኒል ሹቢንና ጓደኞቹ ያደረጉትን ማየት ይበቃል። ዓሣ ወደ የብስ የወጣው በዚህ ዘመን ገደማ ከሆነ 375 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ያስቆጠረ፣ የወንዝ ደለል የሆነ ዓለት ውስጥ መገኘት አለበት ብለው የጂኦሎጂ ካርታ አይተው በካናዳ አርክቲክ ኤልስሚር ደሴት ላይ በየበጋው እየተመላለሱ ቆፈሩ፣ በ2004 አገኙት፣ በ2006 ይፋ አደረጉት፣ ቲክታሊክ ብለው። ቅርፊትና ክንፍ እንደ ዓሣ፣ አንገት ግን አለው፣ በክንፉ ውስጥ ደሞ እንደ ክርንና እንደ እጅ አንጓ ያለ አጥንት። ዕድል ነው እንዳይባል የት እንደሚገኝ ቀድመው ተናግረው ነው የሄዱት። ድንቅነሽንም እናውቃታለን፣ 1974፣ ሀዳር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ጉልበቷና ዳሌዋ ቆሞ የሚሄድ ፍጡር፣ የራስ ቅሏ መጠን ግን ለቺምፓንዚ የቀረበ። ፒልትዳውን ማጭበርበር ነበር፣ ትክክል ነው፣ በ1912 የሰው የራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ አንድ ላይ አድርገው "ጥንታዊ እንግሊዛዊ" አሉት። በ1953 ያጋለጠው ግን ሰባኪ አልነበረም፣ ሳይንቲስቶች ናቸው አጥንቱን በፍሎሪን መርምረው ያዋረዱት።

ለኔ ግን ከፎሲሉ ሁሉ የበለጠ የሚያሳምነኝ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ነው። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፣ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48። ከአንድ ዘር ከመጣን ሁለቱ ክሮሞዞም የት ገባ? ዝም ብሎ ቢጠፋ ኖሮ ፅንሱ አይተርፍም ነበር፣ ስለዚህ የግድ ሁለት ጥንድ ክሮሞዞሞች ተጣብቀው አንድ ጥንድ ሆነው መገኘት አለባቸው፣ ካልተገኙ ቴዎሪው ከባድ ችግር ውስጥ ይገባል። ክሮሞዞም ጫፎቹ ላይ ቴሎሜር የሚባል ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ጽሑፍ አለው፣ ጫፍ መሆኑ የሚታወቀው በሱ ነው። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 2 ላይ ይሄው የጫፍ ጽሑፍ ፊት ለፊት ተጋጥሞ መሀል ላይ ተገኘ፣ ምንም ሊሠራ የማይገባው ቦታ ላይ። ከዛ አልፎ ሥራ ያቆመ ሁለተኛ ሴንትሮሜር (ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሙ የሚያዝበት ቦታ፣ በተለምዶ አንድ ብቻ ነው) አለበት። ዶቨር ላይ ይሄን ለዳኛው ያስረዳው ባዮሎጂስቱ ኬኔት ሚለር ነው፣ ካቶሊክ አማኝ ነው። ጸሐፊው "ወይ ኢቮሉሽን ወይ እግዚአብሔር" ብለው ለሁለት ሲከፍሉት እንደሱ ያለውን ሰው የት እንደሚያደርጉት አላውቅም። ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኢቮሉሽንን ከጄኔቲክስ ጋር ካገናኙት ዋናዎቹ አንዱ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የሰው ጂኖም ፕሮጀክትን የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1996 ኢቮሉሽን ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ተናግረዋል። እነዚህን ሁሉ ከሀዲ እንበላቸው?

ሂትለርን በተመለከተ ጸሐፊው ካሰቡት በላይ እውነት አላቸው፣ ስለዚህ ያላነሱትን እኔ ልጨምርላቸው። ስኮፕስ የተከሰሰበት የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ዩጀኒክስ (ሰውን እንደ ከብት እየመረጥን በማራባት ዘሩን እናሻሽል የሚለው ሀሳብ) ነበረበት፣ የሰውን ዘር በደረጃ አስቀምጦ ነጩን ከላይ የሚያደርግ፣ ድሃና በሽተኛ ቤተሰቦችን ጥገኛ ተባይ አድርጎ የሚስል። ብራያንን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ጠንካራው ደካማውን ይርገጥ የሚል አስተሳሰብ ከዚህ ይወጣል የሚል ስጋት ነበር፣ በዚህ ላይ ከብዙ የዘመኑ ምሁራን ይሻል ነበር። በ1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቨርጂኒያ ሰዎችን በግዳጅ እንድታመክን ስምንት ለአንድ ፈቀደ፣ የተቃወመው ብቸኛ ዳኛ ካቶሊኩ ፒርስ በትለር ነው። ይሄ ሁሉ ተደርጓል፣ አሳፋሪ ነው፣ ለተማሪም መነገር አለበት። ግን የቤተ ክርስቲያን መድረኩስ ንጹሕ ነበር? የአሜሪካ ዩጀኒክስ ማኅበር በ1926 የስብከት ውድድር አዘጋጅቶ አገልጋዮች ዩጀኒክስን ከመድረክ ሰብከው ለሽልማት ተወዳድረዋል። ለዘመኑ ነፋስ የተሸነፉት በሁለቱም በኩል ነበሩ። አንበሳ የሌላውን ወንድ ግልገሎች ይገድላል ብሎ ማስተማር ልጅ ግደሉ ማለት አይደለም፣ ሰው ከየት መጣ የሚለው መልስም ለሰው ምን ይገባዋል የሚለውን አይመልስልህም፣ እሱን መመለስ የቤተ ሰብና የቤተ እምነት ሥራ ነው፣ ለዛም እኮ ነው እነሱ ጋር ይቅር የምለው።

ዳርዊን ሲሞት ተጸጸተ የሚለው ውሸት ነው። የሞተው በ1882 ነው፣ ወሬው የወጣው በ1915 ሌዲ ሆፕ በምትባል ሰባኪ ነው፣ ሴት ልጁ ሄንሪየታ ሲሞት አጠገቡ የነበረች ነች፣ በ1922 ሴትዮዋ በመጨረሻ ሕመሙ ወቅት አልጠየቀችውም ብላ በጽሑፍ አስተባብላለች። ቢጸጸትስ ኖሮ ክሮሞዞም ቁጥር 2 ይለያያል?

የቀረው "አብዛኛው ሕዝብ" የሚለው ነው። በጋሎፕ የ2019 ጥናት እግዚአብሔር ሰውን አሁን ባለው መልኩ ባለፉት 10,000 ዓመታት ውስጥ ፈጠረ የሚሉት 40 ከመቶ ናቸው። ብዙ ነው፣ አብዛኛው ግን አይደለም። ቢሆንስ? የብዙኃን እምነት በድምፅ ብልጫ የሁሉም ልጅ ትምህርት ይሁን የሚል ሕግ ዛሬ ደስ ያሰኛችሁ ብዙኃኑ እናንተ ስለመሰላችሁ ነው፣ ሙስሊሞች ወይም ሞርሞኖች የሚበዙበት ከተማ ሄዳችሁ ደግሙት። ደሞ ድምፅ ካልን የዶቨር ሕዝብ ድምፁን ሰጥቷል፣ በኅዳር 2005፣ ፍርዱ ገና ሳይሰማ፣ ለምርጫ የቀረቡትን ስምንቱንም ነባር የቦርድ አባላት አሰናበታቸው። ታክስ ከፋዩም የከሳሾቹን የጠበቃ ወጪ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ፣ በዛ ገንዘብ ስንት የላቦራቶሪ ዕቃ ይገዛ ነበር!

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ያለጊዜው ተስፋ ቆርጠዋል፣ "በሩ ለዘላለም ተዘግቷል" ሲሉ። አልተዘጋም። እነዚህ ውሳኔዎች ብዙዎቹ የተመረኮዙበትን የ1971ዱን የሌመን መመዘኛ (መንግሥት ሃይማኖትን እየደገፈ ነው ወይ የሚለው የሚለካበትን) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 በአንድ የፉትቦል አሠልጣኝ ጸሎት ጉዳይ ላይ ትቶታል፣ ከዛ ይልቅ ታሪክና ልማድ ይታይ ብሏል። ዌስት ቨርጂኒያ በ2024 አስተማሪ ከተማሪ ጥያቄ ሲመጣበት ስለ ዓለምና ስለ ሕይወት አመጣጥ ሳይንሳዊ ቴዎሪዎች እንዳይመልስ መከልከል አይቻልም የሚል ሕግ አውጥታለች፣ ረቂቁ ሲጀመር ኢንተለጀንት ዲዛይንን በስም ይጠራ ነበር፣ በኋላ ነው የወጣው። ስለዚህ አንዱ ስቴት ነገ "እኩል ሰዓት" ብሎ እንደገና ሊሞክር፣ የዛሬዎቹ ዳኞችም እንደ 1987ቱ ላይፈርዱ ይችላሉ። ያኔ ቀድመው ፍርድ ቤት የሚቆሙት እንደ አርካንሳሱ ቄሶችና ጳጳሳት ቢሆኑ ጸሐፊው አይገረሙ።